መርፌው ከገባ በኋላ አይወጣም
ስለ ሦስት ወሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ከሚስቶቻችሁ ጋር የመጣችሁ ወንዶች። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነሳ በር ላይ ቆማችሁ ስልክ ስትነካኩ ነው የማውቃችሁ፤ ዛሬ ገብታችሁ ተቀምጣችኋል።

የማወራው ስለ አንድ መርፌ ነው። ብዙዎቻችሁ «የሦስት ወር መርፌ» ትሉታላችሁ፤ «ዲፖ» የምትሉትም አላችሁ። መወጋቱ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ግን ሦስት ወር ነው። እንደ ክኒን በየቀኑ ማስታወስ የለም። ክንድ ላይ የሚቀበር፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የለም። ተወግተሽ ትሄጃለሽ፣ አለቀ።

እኔ የምጣላው «አለቀ» ከሚለው ጋር ነው። ክኒን አልስማማ ካለሽ ነገ ታቆሚዋለሽ። ክንድ ላይ የተቀበረው ይወጣል፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም ይወጣል። ይሄ መርፌ ግን አንዴ ከገባ መልሶ የሚያወጣው ባለሙያ የለም። ደስ ያለሽንም ያልተስማማሽንም መድኃኒቱ ከሰውነትሽ እስኪያልቅ ይዘሽው ነው የምትቆዪው። ስለዚህ መነገር ያለበት ሁሉ ከመርፌው በፊት መነገር አለበት። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት ይህን ለማለት ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ እንይ። መድኃኒቱ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት ይባላል። ምላስ ስለሚያደክም እኛም ዲፖ እያልን እንቀጥል። የሴት ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን አለ፤ ይሄ በላብራቶሪ የተሠራ ዘመዱ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሌላው ሆርሞን የለበትም። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች። ጡንቻ ላይ የሚሰጠው 150 ሚሊግራም፣ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው አዲሱ ደግሞ 104 ሚሊግራም ነው። ሁለቱም ለሦስት ወር ይሠራሉ። በየሁለት ወሩ የሚሰጥ፣ ኖሬቲስቴሮን ኢናንቴት የሚባል ወንድምም አላቸው። ዛሬ ትኩረቴ ዲፖ ላይ ነው።

ብልቃጡን አይታችሁ ከሆነ ነጭ ነገር ከታች ዘቅጦ ይታያል። ነርሷ ወደ ሲሪንጅ ከመሳቧ በፊት በደንብ የምትንጠው ለዚህ ነው። ነጩ ነገር የመድኃኒቱ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ለሦስት ወር የሚቆየውም በዚሁ ነው። የተወጋሽበትን ቦታ አትሺው የምትባይውም ለዚሁ ነው። ማሸት ቶሎ እንዲሟሟ ሊያደርገው ይችላል፤ ቶሎ ከሟሟ ቶሎ ያልቃል።

ዋና ሥራው እንቁላል ከኦቫሪ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በየወሩ ከአንጎል ሥር «እንቁላሉን ልቀቂ» የሚል የሆርሞን ትእዛዝ ይመጣል። መርፌው ያንን ትእዛዝ ዝም ያሰኘዋል። በተጨማሪ የማህፀን በር ላይ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሚያወፍረው የወንዱ ዘር አያልፍም። የማህፀኑ የውስጥ ሽፋንም ይሳሳል። ይሄ ሦስተኛው ነገር ወደ ወር አበባ ጉዳይ ስንደርስ ቁልፍ ነው።

ምን ያህል ይከላከላል? ቀጠሮዋን ሳታዛንፍ ከምትወጋ ሴት አንፃር ካየነው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሴቶች የሚያረግዙት 2 ያህል ብቻ ናቸው። በእውነተኛው ኑሮ ግን፣ ሥራ፣ ልጅ፣ ጉዞ፣ መርሳት ባለበት፣ ከ100 ሴቶች 4 ያህሉ ያረግዛሉ። መድኃኒቱ ያው ነው። ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው ቀጠሮ ማሳለፍ ነው።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ። ከመግባቴ በፊት ጥያቄያችሁን በወረቀት ጻፉልኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ወረቀት ላይ ያለው ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

መርፌ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። «የደም ግፊት አለብሽ?» «የለብኝም።» «እርጉዝ ነሽ?» «አይደለሁም።» «በይ ክንድሽን።» ካርዷ ላይ የሚቀጥለው ቀን ይጻፋል፣ «ቀጣይ!» ይባላል። ልጅቷ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጠብ ጠብ የሚል ደም ይጀምራታል። ይቆማል ስትል ይመለሳል። ትጨነቃለች። ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ጎረቤቷ ደግሞ «እኔም እንደዛ ሆኜ ነው የተውኩት፤ ያ ነገር ማህፀን ያበላሻል» ትላታለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ አትመጣም። ሌላ መከላከያም አልጀመረችም። ከጥቂት ወራት በኋላ የምትመጣው ለእርግዝና ክትትል ነው።

ይህች ሴት መድኃኒቱ አልከዳትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጎደላት፦ «በመጀመሪያዎቹ ወራት ደምሽ ይዘበራረቃል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ በሽታ አይደለም፣ ከከበደሽ ነይ።» ይህን መናገር ክንድ በጥጥ ከመጥረግ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሰበብ አይሆንም።

የሚጠበቀው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት የወር አበባ ቀኑን ይስታል። አንዳንዷ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ አንዳንዷ ላይ ቀን ያበዛል። እየቆየ ሲሄድ ይቀንሳል፣ ብዙዎቹ ላይም ጭራሹን ይቆማል። ለአንድ ዓመት ከተወጉት ግማሽ ያህሉ ላይ የወር አበባ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይጨምራል።

«ታዲያ ደሙ የት ሄደ?» የሚል ወረቀት ይኸው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የትም አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ አልተሠራም። የወር አበባ ማለት በየወሩ የሚወፍረው የማህፀን ሽፋን ሲረግፍ ነው። ቅድም ሽፋኑ ይሳሳል ብያችሁ ነበር። ያልወፈረ ነገር አይረግፍም። ሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ደም የለም፣ ወደ ራስ የሚወጣ ደም የለም፣ ወደ ዕጢ የሚለወጥም የለም። እንዲያውም ደም ማነስ ለሚያስቸግራት ሴት የወር አበባ መቅረቱ ጥቅም ነው።

ይሁንና «የተለመደ ነው» ብሎ ሁሉንም ማለፍም ልክ አይደለም። ደሙ ከስምንት ቀን በላይ ከፈሰሰ ወይም ከወትሮው እጥፍ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ነው። የሚያስታግሱ፣ ለጥቂት ቀን የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ። ደግሞም የደሙ ምክንያት መርፌው ላይሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የማህፀን ችግር ሊኖር ስለሚችል መታየት አለበት።

ሁለተኛው የወረቀት ክምር «መሀን ያደርጋል ወይ?» ነው። አያደርግም። ግን መልሱ እዚህ ላይ ካበቃ ግማሽ እውነት ነው የነገርኳችሁ። ዲፖ ካቆሙ በኋላ ማርገዝ ይዘገያል፤ ከሌሎቹ መከላከያዎች ሁሉ ይልቅ ይዘገያል። ለማርገዝ ብለው ካቆሙት ሴቶች ግማሾቹ የሚያረግዙት ከመጨረሻው መርፌ ቆጥሮ በ10 ወር ገደማ ውስጥ ነው። በ18 ወር ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኝ በላይ ያረግዛሉ። ስንት ዓመት መወጋትሽ በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ልጅ የምትፈልጊው በሚቀጥለው ዓመት ከሆነ ይሄ መርፌ ያንቺ አይደለም። ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ይሻልሻል፤ በወጣ ማግስት ማርገዝ ይቻላል። ይህ ያልተነገራት ሴት አቁማ ስድስት ወር ስትጠብቅ፣ አማቷም «ይኸው አደረቀሽ» ስትላት፣ ምን ብላ ትመልስ?

ደግሞ በተቃራኒው፦ ይዘገያል ማለት ቀጠሮ ብታሳልፊም ችግር የለውም ማለት አይደለም። አንዳንዷ መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንታት ውስጥ ታረግዛለች። የትኛዋ እንደሆንሽ ቀድሞ የሚነግርሽ ምርመራ የለም።

ክብደት። አዎ፣ መጨመር አለ። በአማካይ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ነው። አማካይ ስል ምንም ያልጨመረችም፣ ብዙ የጨመረችም አለች። በመጀመሪያው ስድስት ወር ቶሎ ቶሎ የጨመረች ሴት ከቀጠለች መጨመሯ የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው። እሷ መጥታ ሌላ ዘዴ መጠየቅ መብቷ ነው። «ምቾት ነው ያወፈረሽ» ብሎ መሳለቅ ግን የባለሙያ ንግግር አይደለም። ራስ ምታት፣ የስሜት መለዋወጥ፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስም የሚያጋጥማቸው አሉ።

አጥንት ላይ ያለው ነገር እንዲህ ነው። መርፌው እየተወሰደ ባለበት ጊዜ የአጥንት ጥንካሬ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች በዚህ ምክንያት ገደብ አያስፈልግም ይላል። አጥንታቸው ገና እየተገነባ ላለ ልጃገረዶችና ወደ ማረጥ ለተጠጉ ሴቶች ግን ከባለሙያ ጋር መመዛዘን ይገባል። መመዛዘን እንጂ መከልከል አላልኩም።

ሰሞኑን በስልካችሁ የሚዞረው የአንጎል ዕጢ ወሬም ተጠይቋል። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈረንሳይ የወጣ ትልቅ ጥናት ዲፖን ከአንድ ዓመት በላይ በተወጉ ሴቶች ላይ ማኒንጂዮማ ለሚባል ዕጢ ቀዶ ሕክምና የማድረግ ዕድል ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው። ማኒንጂዮማ አንጎልን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ የሚበቅል ዕጢ ነው፤ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። «አምስት እጥፍ» ያስደነግጣል። ግን የምን አምስት እጥፍ? ዕጢው ራሱ በወጣት ሴቶች ላይ ብርቅ ነው፤ ብርቅ ነገር አምስት ጊዜ ቢባዛም ብርቅ ነው። ከዚህ ቀደም ማኒንጂዮማ የነበረባት ሴት መርፌውን አትውሰድ። ለዓመታት የተወጋችና የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ የጀመራት ደግሞ ዲፖ እንደምትወጋ ለሐኪሟ ትንገር።

ኤች አይ ቪስ? ለብዙ ዓመታት ዲፖ በኤች አይ ቪ የመያዝን ዕድል ይጨምራል የሚል ሥጋት ነበር። በኢስዋቲኒ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ኤኮ የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆነ። ዲፖን፣ ሉፕንና በክንድ የሚቀበረውን አነጻጽሮ ያን ያህል የጎላ ልዩነት አላገኘም። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የነበረውን ጥንቃቄ አነሳ። ሌላው እውነት ግን አልተነሳም፦ መርፌው ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌላ የአባላዘር በሽታ አይከላከልም። እዚያ ላይ ያለው ኮንዶም ነው።

ስለ ጥርጣሬ ካነሳን፣ ሴቶች ይህን መርፌ ሲጠራጠሩ «ያልተማረች» ማለት ይቀናናል። እኔ እንደዛ አልልም። ጥርጣሬው ታሪክ አለው። አምራቹ በአሜሪካ ለወሊድ መቆጣጠሪያነት ፈቃድ የጠየቀው በ1967 ነው። በ1978 ተከለከለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ የታየ የጡት ዕጢ ነበር። የተፈቀደው በ1992 ነው። በእነዚህ ዓመታት መሃል፣ በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ በአንድ ክሊኒክ መርፌው ለዓመታት ሲሰጣቸው ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ድሃና ጥቁር ነበሩ፤ ፈቃደኝነታቸው በአግባቡ አለመጠየቁና ክትትሉ ደካማ መሆኑ ብዙ አነጋግሯል። ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው ደግሞ የእስራኤሉ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያ የሆኑ ሴቶች በቂ ማብራሪያ ሳያገኙ ዲፖ ይሰጣቸዋል የሚል ክስ ተነሥቶ፣ በ2013 መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴሩ ለሐኪሞች መመሪያ ላከ፦ ሴቲቱ ስለ ሕክምናው በትክክል ላትረዳ ትችላለች የሚል ሥጋት ካለ የመርፌውን ትእዛዝ አታድሱ የሚል። እነዚህ ሁሉ ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው። መድኃኒቱ መርዝ ስለነበረ አይደለም ይህን የማነሳው። የሚሠራ መድኃኒት እንኳ ካልተብራራ፣ ካልተመረጠ፣ በደል ይሆናል። «ይሄኛው ይሻልሻል» ብሎ ምርጫ ሳያሳዩ መውጋት፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር፣ ያው ነው።

ማን ይውሰደው፣ ማን አይውሰደው? ቅድም ኢስትሮጅን የለበትም ብዬ ነበር። ስለዚህ ኢስትሮጅን ያለበትን ክኒን መውሰድ የማይፈቀድላቸው ብዙ ሴቶች ይህን ይችላሉ። የምታጠባ እናት ከወለደች ከስድስት ሳምንት በኋላ መጀመር ትችላለች፤ ወተቷን አይቀንስም። የማታጠባ ወዲያው ትችላለች። አንዳንድ የሚጥል በሽታና የቲቢ መድኃኒቶች ክኒንን ያዳክማሉ፤ ዲፖን ግን አይነኩትም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ጭራሽ አትውሰደው። ግፊቷ 160 በ100 የደረሰ ወይም ያለፈ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የደረሰባት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት፣ ስኳር በሽታው ዓይኗን ወይም ኩላሊቷን የነካባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት፣ እነዚህ መጀመሪያ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ፤ ለአብዛኞቹ ሌላ ዘዴ ይመረጣል። የደም ግፊትሽን ሳይለካ ሊወጋሽ የተነሳ ካለ «መጀመሪያ ለካኝ» በይው።

የወር አበባ በጀመረ በሰባት ቀን ውስጥ ከተወጋሽ ወዲያው ይሠራል። ከዚያ ካለፈም እርጉዝ አለመሆንሽ እስከታወቀ ድረስ በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ ለሰባት ቀን ግን ኮንዶም ጨምሪ። «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብለው ተልከው በዚያው መሃል ያረገዙ አሉ። መላክ አያስፈልግም ነበር።

ቀጠሮሽ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ መምጣት ትችያለሽ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ አራት ሳምንት ብትዘገዪም ያለ ተጨማሪ ጣጣ ትወጊያለሽ፤ ጠበቅ አድርገው ሁለት ሳምንት የሚሉ አገሮችም አሉ። የሁለት ወሩ መርፌ ላይ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ይህን የነገርኳችሁ እንድትዘገዩ አይደለም፤ ዘግይታችሁ ከሆነ አፍራችሁ እንዳትቀሩ ነው። ከዚያም ካለፈሽ ነይ። እርጉዝ አለመሆንሽ ይጣራል፣ ትወጊያለሽ፣ ሰባት ቀን ኮንዶም። በመሃል ያለ መከላከያ ግንኙነት ከነበረና አምስት ቀን ካልሞላው የድንገተኛ መከላከያ ክኒን ጠይቂ፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

ራስን መውጋት ስለሚቻልበት መርፌ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ይሄ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ነው፤ ሳያና ፕሬስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ራሳቸውን እንዲወጉ መመቻቸት አለበት ብሏል። መድኃኒቱና መርፌው አብረው የታሸጉ ናቸው፤ አውራ ጣት የምታክል ለስላሳ ፊኛ፣ ጫፏ ላይ አጭር መርፌ። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ትንጫታለሽ። ክዳኑን ወደ ፊኛው በኃይል ትገፊዋለሽ፣ ክፍተቱ እስኪዘጋ። ይህን ያልገፋች መድኃኒቱ አይወጣላትም፤ ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ክዳኑን ታወልቂያለሽ። የሆድሽን ወይም የታፋሽን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ይዘሽ መርፌውን ቀጥ አድርገሽ ታስገቢያለሽ። ከዚያ ፊኛውን ቀስ ብለሽ ትጫኛለሽ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሰከንድ። ታወጫለሽ፣ አታሺም። ያገለገለውን ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠሽ ለጤና ተቋም ትመልሻለሽ። የሚቀጥለውን ቀን ስልክሽ ላይ አላርም ሙይ። መጀመሪያ ግን ባለሙያ ፊት አንድ ጊዜ ሞክሪው።

የመጨረሻው ወረቀት ላይ «ባለቤቴ ሳያውቅ መወጋት እችላለሁ?» ይላል። ወንዶቹ ፊት ማንበቤን ይቅርታ፤ ግን እናንተም ስሙት። ትችያለሽ። ሰውነቱ ያንቺ ነው፣ ባለሙያውም ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ብዙ ሴቶች መርፌውን የሚመርጡት ስለማይታይ ነው፤ ቤት ውስጥ የክኒን ብልቃጥ የለም፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስ የለም። ነገር ግን የወር አበባሽ ሲዛባ ወይም ሲቀር ቤት ውስጥ ሊታወቅ ይችላል። ካርዱም አለ። ካርድሽ ጤና ተቋሙ ጋር እንዲቀመጥልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ቢያውቅ ይመታኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከመርፌ በላይ ነው፤ ያንንም ለባለሙያዋ ንገሪያት፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ።

እዚህ ላይ ላቁም። ማይኩን ለኋላ ወንበር አቀብሉልኝ፤ እዚያ እጃቸውን አውጥተው የቆዩ አሉ።